ከዋናው ታሪክ ጎን ስለሚሄድ ፍቅር፤ በጃፓን አኒሜ ላይ የተጻፈ አስተያየት

አኒሜ እየተባለ የሚጠራው የጃፓን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ዛሬ በዓለም ሁሉ ተዘርግቶ ልጆችም ጎልማሶችም የሚመለከቱት ጥበብ ሆኖአል። ሥራው ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ማንጋ ከሚባለው፣ በሥዕል ከሚነገረው መጽሐፍ ነው። ደራሲው በየሳምንቱ ወይም በየወሩ በመጽሔት ላይ የሚያወጣውን ታሪክ ሌሎች ሠራተኞች ወስደው ሥዕሉን ያንቀሳቅሱታል፤ ድምፅና ዜማም ይጨምሩለታል፤ ከዚያም በክፍል በክፍል ተከፍሎ በቴሌቪዥን ይታያል። የብዙዎቹ ታሪኮች ዋና ነገር ጦርነት ወይም ጉዞ ወይም የጠፋ ነገር ፍለጋ ነው። ነገር ግን በዚህ በዋናው ታሪክ ጎን፣ በትልቅ ጎዳና ዳር እንደምትሄድ ቀጭን መንገድ፣ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ፍቅር አብሮ ሲሄድ ይታያል። ዛሬ የምንናገረውም ስለዚህች ቀጭን መንገድ ነው።

ነገሩ ትንሽ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። «ስለ ጦርነት በተሠራ ታሪክ ውስጥ ፍቅር ቢገባ ባይገባ ምን ይጠቅማል፣ ምንስ ይጎዳል?» ይል ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ አናስብም። ወጣት ልጅ የሰይፍን ፍልሚያ በሥዕል ቢያይ ተነሥቶ ሰይፍ አይመዝም፤ ጨዋታ መሆኑን ያውቃልና። ስለ ፍቅር ያየውን ግን ሳያውቀው ይዞት ወደ ቤቱ ይገባል። ዐይኑን በዋናው ታሪክ ላይ ተክሎ ማን አሸነፈ፣ ማን ሞተ እያለ ሲጠባበቅ፣ በጎን የገባው ትምህርት ሳይመረመር ያልፋል፤ ሳይመረመር የገባ ትምህርት ደግሞ ሥር ይሰዳል። ወንድና ሴት እንዴት እንደሚዋደዱ፣ አንዱ ለሌላው ምን እንደሚገባው፣ ፍቅር በቃል ይሁን በሥራ የሚታወቅ፣ ይህን ሁሉ ብዙ ወጣቶች የሚማሩት እግረ መንገዳቸውን ነው። ስለዚህ ደራሲዎቹ ይህን ፍቅር እንዴት አድርገው እንዳሳደጉት መመርመር ተገቢ ይመስለናል።

አስቀድመን ሐሳባችንን እንግለጥ። ከዋናው ታሪክ ጎን የሚሄድ ፍቅር የሚያምረው ዋናው ታሪክ በበቀለበት መሬት ላይ ሲበቅል ነው። ሁለቱን ሰዎች ያስተሳሰራቸው በታሪኩ ውስጥ የሚሠሩት ሥራ፣ የሚሸከሙት ኀዘን፣ የሚፈሩትም በደል እንደ ሆነ፣ ፍቅራቸው ምንም ያህል በጥቂት ቃል ቢነገር ተመልካቹ ያምነዋል። ፍቅሩ ግን ደራሲው ስለ ፈለገው ብቻ በመጨረሻ ከውጭ የመጣ እንደ ሆነ፣ ወጡ ከእሳት ከወረደ በኋላ እንደሚነሰነስ ጨው ይሆናል፤ አንዱ ጉርሻ ጨው ይበዛበታል፣ ሁለተኛው አልጫ ይሆናል።

ይህን ማድረግ ለደራሲዎቹ ቀላል እንዳልሆነም ማወቅ ይገባል። ታሪኩ በየሳምንቱ የሚወጣ እንደ ሆነ ደራሲው መጨረሻውን ሳያይ መጀመሪያውን ያሳትማል። ሹካን ሾኔን ጃምፕ የሚባለው ስመ ጥር የወንዶች ልጆች ሳምንታዊ መጽሔት አንባቢዎቹ የወደዱትን ታሪክ በፖስታ ካርድ እየጻፉ እንዲልኩለት ሲያደርግ ኖሮአል፤ የሚወደው ያጣ ታሪክ ቶሎ ይቋረጣል። እንዲህ ባለው ስፍራ ፍልሚያው ይቀድማል፣ ፍቅሩ ለነገ ይባላል። ሁለተኛው ችግር ከአኒሜው የሚመጣ ነው። አኒሜው መጽሐፉን እየተከተለ ሲሄድ ይደርስበትና የሚሠራው ያጣል፤ ያን ጊዜ መጽሐፉ ወደ ፊት እስኪርቅለት ድረስ በመጽሐፉ ያልነበሩ ክፍሎችን እየፈጠረ ጊዜውን ይሞላል። በነዚህ ክፍሎች ውስጥ ዋናው ታሪክ እንዳይፋለስ ሲባል ማንም ሰው ከነበረበት እንዲለወጥ አይፈቀድለትም፤ ሰው ካልተለወጠ ደግሞ ፍቅሩ አያድግም። ሦስተኛው ፍርሃት ነው፤ ፍቅሩ ከተፈጸመ ተመልካቹ የሚጠብቀው ነገር አጥቶ ይሄዳል የሚል ፍርሃት።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ጠቅሶ፣ መዘግየቱ ምን ክፋት አለው የሚል ሰው ቢኖር፣ መልሳችን ይህ ነው። እንቁላል በእግሩ የሚሄደው ዶሮዋ ስትታቀፈው ነው፤ ተረስቶ የተቀመጠ እንቁላል ይገማል እንጂ አይሄድም። በዝግታ ማደግ አንድ ነገር ነው፤ ተረስቶ መቀመጥ ሌላ ነገር ነው። የአኒሜ ተመልካች ይህን ሁለቱን መለየት ይገባዋል።

ሂሮሙ አራካዋ የምትባለው ደራሲ የጻፈችው «ፉልሜታል አልኬሚስት» ለዚህ ነገር መልካም ምስክር ይሆነናል፤ አንዱ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ልዩ ልዩ መንገድ፣ አኒሜ ሆኖአልና። መጽሐፉ ከ2001 እስከ 2010 ድረስ በወር በሚወጣ መጽሔት ታተመ፤ ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። የመጀመሪያው አኒሜ ከ2003 እስከ 2004 በ51 ክፍል ታየ፤ መጽሐፉ ገና አላለቀም ነበርና የራሱን መጨረሻ ፈጠረ። ሁለተኛው፣ «ብራዘርሁድ»፣ ማለት ወንድማማችነት፣ የሚል ስም የተጨመረለት፣ ከ2009 እስከ 2010 በ64 ክፍል ታየ፤ ይኸኛው መጽሐፉን እስከ ፍጻሜው ተከትሎ ሄደ። ሁለቱንም የሠራቸው ቦንዝ የተባለው ድርጅት ነው። ሰዎቹ አንድ፣ መነሻው አንድ፣ ሠሪው ድርጅት አንድ ሲሆን ፍቅሩ ግን በሁለቱ አንድ አልሆነም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኤድዋርድና አልፎንስ ኤልሪክ የሚባሉ ሁለት ወንድማማች ልጆች የሞተችባቸውን እናታቸውን በተከለከለ የአልኬሚያ ጥበብ ከሞት ሊያስነሡ ሞከሩ። የአልኬሚያ ሕግ ግን ልክ ለልክ መለዋወጥ ነው፤ አንዳች ነገር ለማግኘት የሚፈልግ ሰው የዚያኑ ያህል ዋጋ መክፈል አለበት። ልጆቹ እናታቸውን ሳያገኙ ኤድዋርድ ግራ እግሩን፣ አልፎንስም መላ አካሉን አጣ፤ ኤድዋርድ ደግሞ ቀኝ እጁን ከፍሎ የወንድሙን ነፍስ በብረት ጥሩር ላይ አሰራት። ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ የጠፋውን አካል ፍለጋ ነው። ዊንሪ ሮክቤል ከልጅነታቸው ጀምሮ አብራቸው ያደገች የመንደራቸው ልጅ ናት፤ ከአያቷ ጋራ ሆና የብረት እጅና እግር የምትሠራ ባለሙያ ናት። ኤድዋርድ የሚቆምበትን እግር፣ የሚዋጋበትንም እጅ የሠሩለት እነርሱ ናቸው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ዋናው ታሪክ ኤድዋርድን በመታው ቍጥር እጁ ይሰበራል፤ እጁ በተሰበረ ቍጥር ወደ ዊንሪ ይመለሳል። ደራሲዋ ሁለቱን ለማገናኘት ምንም ሰበብ መፈለግ አላስፈለጋትም። ዊንሪ ትቈጣዋለች፤ በመፍቻ ራሱን ትመታዋለች፤ ከዚያም ሌሊቱን ሳትተኛ ትሠራለታለች። አንድ ጊዜ አንዲት ብሎን ማስገባት ትረሳለች፤ እጁም በውጊያ ሰዓት ሥራ አቆመበት። በሆስፒታል ተኝቶ ባየችው ጊዜ ጥፋቱ የእርሷ ነው ብላ ትጨነቃለች። በዚህ ሁሉ ፍቅር የሚለው ቃል አልተነሣም። ነገር ግን የአንዷ እጅ ስሕተት የሌላውን ደም እንደሚያፈስ፣ የአንዷ ትጋትም ለሌላው ሕይወት እንደሚሆን ተመልካቹ ዐወቀ። ይህ ነው መሬቱ።

በዚህ መሬት ላይ ሁለት ነገሮች ተዘሩ። የመጀመሪያው ራሽ ቫሊ በሚባለው ስፍራ የሆነው ነው። ዝናብና ጎርፍ በሆነበት ሌሊት አንዲት ሴት ምጥ ያዛት፤ ሐኪም ሊደርስላት አልቻለም። ኤድዋርድ ያን ሁሉ ጥበቡን ይዞ ምንም ማድረግ አቅቶት ቆመ። ዊንሪ ግን ከሐኪሞች ወላጆቿ መጻሕፍት ያነበበችውን እያስታወሰች፣ እየፈራች፣ ሕፃኑን አዋለደች። ሰውን በአልኬሚያ ለመፍጠር ሞክሮ አካሉን ያጣው ልጅ፣ ሰው በእርሷ እጅ ወደ ዓለም ሲመጣ አየ። ይህ የዋናው ታሪክ ጥያቄ ራሱ ነው፤ ሕይወት ከወዴት ይመጣል የሚለው ጥያቄ። ደራሲዋ የጥያቄውን መልስ በዊንሪ እጅ ላይ አኖረችው።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። የዊንሪ አባትና እናት በኢሽቫል ጦርነት ጊዜ ወገንና ጠላት ሳይለዩ የቈሰለውን ሁሉ ሲያክሙ፣ ራሳቸው ባዳኑት ሰው እጅ ሞቱ። ያም ሰው ስካር፣ ማለት ጠባሳ፣ የተባለው የኤድዋርድ ጠላት ነው። ዊንሪ ይህን በድንገት ሰማች፤ ከመሬት ላይ የወደቀውን ሽጉጥ አንሥታ በገዳዩ ላይ አነጣጠረች። ኤድዋርድ በመካከል ገባ፤ ሽጉጡን የያዙትን እጆቿንም በእጁ ሸፈነ። ያን ጊዜ የነገራት፣ እነዚህ እጆች ሕፃን ያዋለዱ፣ ለእርሱም የሚቆምበትን እግር የሰጡ፣ ሰውን ለማዳን እንጂ ለመግደል ያልተሠሩ እጆች መሆናቸውን ነው። እርሷም ሽጉጡን ለቀቀች፤ አለቀሰችም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ደግሞ ያንኑ ሰው ቈስሎ ባገኘችው ጊዜ፣ ወላጆቼ ቢኖሩ ይህን ያደርጉ ነበር ብላ ቍስሉን አሰረችለት፤ ይቅር እንዳላለችው ግን አልሸሸገችም።

በዚህ ስፍራ ኤድዋርድ ለዊንሪ ያደረገላት ነገር እጅግ የከበረ ነው። ጠላቷን አልገደለላትም፤ ያ በሌሎች ታሪኮች ሁልጊዜ የሚታይ ቀላል ነገር ነው። ይልቅስ ሙያዋን፣ ስሟንና ንጽሕናዋን ጠበቀላት። ይህን ሊያደርግ የቻለውም በራሽ ቫሊ ሌሊት ስላያት ነው። ያ ሌሊት ባይኖር ይህ ቀን አይኖርም፤ ይህ ቀን ባይኖር መጨረሻው አይኖርም። እንዲህ ያለውን ነው አንዱ በአንዱ ላይ የተሠራ ታሪክ የምንለው።

መጨረሻውም በባቡር ጣቢያ ሆነ። ኤድዋርድ እጁን መልሶ አግኝቶአል፤ እግሩ ግን ገና ብረት ነው። የወንድሙን አካል ለማስመለስ የአልኬሚያ ችሎታውን ሁሉ ከፍሎአል። ወደ ሩቅ አገር ሊሄድ ሲነሣ፣ ዐይናፋርነት ይዞት፣ ልጁ የሚያውቀው ቋንቋ ያ ብቻ ነውና፣ በአልኬሚያ ሕግ ተናገረ፤ የሕይወቴን እኩሌታ እሰጥሻለሁ፣ አንቺም የሕይወትሽን እኩሌታ ስጪኝ የሚል ነገር አመጣ። ዊንሪ ሣቀችበት፤ እኩሌታው ምን ያደርግልሃል፣ ሁሉን እሰጥሃለሁ አለች። ከዚያም ሁሉን ማለቱ በዛ መሰላትና ከመቶ 90፣ ከመቶ 80 እያለች ስትቈጥር ቈይታ በ85 ላይ ቆመች። ኤድዋርድም ያን ሁሉ ዘመን የተገዛለትን ሕግ በአንድ ጊዜ እንዳፈረሰችው ተናግሮ ሣቀ። ተመልካች ሆይ፣ ይህ ቀልድ ብቻ አይደለም። 64 ክፍል ሙሉ ሲመረመር የኖረው ሕግ በዚህ ተፈረደበት፤ ሰው ለሚወደው ሲሰጥ ሚዛን አይዝም። ዋናው ታሪክ በአልኬሚያ ሊመልሰው ያልቻለውን ጥያቄ የጎኑ ታሪክ በባቡር ጣቢያ መለሰው።

አሁን ወደ 2003ቱ አኒሜ እንመለስ። በዚያ የዊንሪን ወላጆች የገደላቸው ስካር ሳይሆን ከበላይ ትእዛዝ የተቀበለው መኰንን ሮይ ማስታንግ ነው። ይህ ለውጥ በራሱ ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም የማስታንግን ኅሊና አክብዶ ያሳያል። ነገር ግን ሽጉጡ የተነሣበት ያ ቀን በዚህ በኩል ጠፋ፤ ኤድዋርድም የዊንሪን እጆች የሚያድንበት ቀን አላገኘም። ዊንሪ በዚህም አኒሜ ብዙ ጊዜ ትታያለች፤ ትሠራለታለች፤ ትጨነቅለታለች፤ ብቻ ታሪኩ ከሠራተኝነቷ ሌላ አይፈልጋትም። በመጨረሻም ኤድዋርድ ወደ ሌላ ዓለም ተወሰደ። በ2005 በወጣው ፊልም ከዚያ ዓለም፣ ማለት ከ1923 ዓመት ጀርመን፣ ለጥቂት ጊዜ ተመልሶ ሲመጣ ዊንሪ አዲስ እጅና እግር ገጠመችለት፤ እርሱ ግን ተመልሶ ሄደ፤ እርሷም ቀረች።

በእውነት ለመፍረድ፣ ይህ የመጀመሪያው አኒሜ የከፋ ሥራ አይደለም። ነገሩ የጠፋ ሁሉ አይመለስም የሚል ነው፤ ይህንም በድፍረት እስከ መጨረሻ ይዞት ሄዶአል። መለያየታቸውም ከዚህ ሐሳብ ጋራ ይስማማል። ነገር ግን ያ መለያየት የሚገባውን ያህል ልባችንን አልሰበረውም። የሁለቱን ወንድማማቾች መለያየት ስናይ እናለቅሳለን፤ ዊንሪ ብቻዋን ስትቀር ግን እናዝናለን እንጂ አናለቅስም። «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» እንደሚባለው፣ እንባው የጎደለው መጨረሻው አሳዛኝ ስላልሆነ አይደለም፤ መሬቱ ቀድሞ ስላልታረሰ ነው።

በዚያው በ2009ኙ አኒሜ ሌላ ሁለተኛ ፍቅር አለ፤ እርሱም እስከ መጨረሻው ድረስ በአፍ ያልተነገረ ነው። ሪዛ ሆክአይ የሮይ ማስታንግ የበታች መኰንን ናት። አባቷ ምሥጢረኛውን የእሳት ጥበብ በጀርባዋ ላይ ጽፎ ሞተ፤ እርሷም ለአገር ይጠቅማል ብላ ለማስታንግ አሳየችው። እርሱ ግን በዚያ ጥበብ በኢሽቫል ሰው ፈጀ፤ እርሷም በጠመንጃዋ ብዙዎችን ገደለች። ከጦርነቱ በኋላ፣ ሌላ ሰው ይህን ጥበብ እንዳያገኘው ጀርባዋን እንዲያቃጥልላት ለመነችው። እርሱም ከቀናው መንገድ የወጣ እንደ ሆነ ከኋላው ተኩሳ እንድትገድለው ሥልጣን ሰጣት። እንግዲህ እነዚህን ሁለት ሰዎች ያስተሳሰራቸው አበባና ደብዳቤ አይደለም፤ በአንድነት የሠሩት በደልና በአንድነት የገቡት ቃል ነው።

የእኛ አገር ሰው ይህን ፍቅር ከሌላው ተመልካች ይልቅ የሚረዳው ይመስለናል፤ በሰምና ወርቅ ያደገ ነውና። ሰሙ የአለቃና የበታች ወግ ነው፤ ሰላምታው፣ ትእዛዙ፣ ሪፖርቱ። ወርቁ ግን ከበታቹ አለ። በአንድ ወቅት ጠላት እንዳያውቅባቸው በስልክ ሲነጋገሩ፣ እርሱ ኤልሣቤጥ የምትባል የመጠጥ ቤት ወዳጁን እንደሚያጫውት ሆኖ የጦር ነገር ይነግራታል። በዚያ ቦታ የፍቅሩ ወሬ ሰም፣ የጦሩ ትእዛዝ ወርቅ ይመስላል፤ ነገር ግን ደጋግሞ የሚያይ ሰው ከወርቁ ሥር ሌላ ወርቅ ያገኛል። ማስታንግም የወዳጁን ገዳይ አግኝቶ በቍጣ ሲያቃጥለው፣ ሪዛ በቃሏ መሠረት ሽጉጧን በኋላው ደቀነች። እኔን ከገደልሽ በኋላ ምን ታደርጊያለሽ ብሎ ቢጠይቃት፣ ከዚያ ወዲያ በሕይወት የመኖር አሳብ እንደሌላት ነገረችው። እሳቱን ወደ ሌላ አዙሮ ተወው። እወድሻለሁ፣ እወድሃለሁ የሚለው ቃል ከዚህ በላይ ምን ሊጨምር ይችላል?

ከዚህ ቀጥሎ ብዙ ሰው ወደሚያውቀው ወደ «ናሩቶ» እንሻገር። ይህ የማሳሺ ኪሺሞቶ መጽሐፍ ከ1999 እስከ 2014 በዚያው አስቀድመን በጠቀስነው ሳምንታዊ መጽሔት ታተመ። አኒሜው ከ2002 እስከ 2007 በ220 ክፍል፣ «ሺፑደን» የሚባለውም ሁለተኛው ከ2007 እስከ 2017 በ500 ክፍል ታየ። የመጀመሪያው አኒሜ ከ136ኛው ክፍል በኋላ እስከ ፍጻሜው ድረስ ከሞላ ጎደል ከመጽሐፉ ውጭ የተፈጠረ ነው፤ ቀድሞ ስለ መሙላት የተናገርነው ለዚህ ነው። ናሩቶ አባት እናት የሌለው፣ መንደሩ የሸሸው ልጅ ነው፤ ዋናው ታሪክ በሰው ዘንድ ለመታወቅ የሚያደርገው ትግል ነው። ሂናታ ሂዩጋ የምትባለው ዐይናፋር ልጅ ሌላው ሁሉ ሲንቀው ከሩቅ ሆና ታየው ነበር።

መሬቱ እንዴት ያለ መልካም መሬት ነው! ማንም ያላየውን ልጅ አንዲት ልጅ ብቻ አየችው፤ ዋናው ታሪክ ራሱ ይህ አይደለምን? ዘሩም ተዘርቶ ነበር። በሺፑደን 166ኛ ክፍል፣ በ2010፣ ፔይን የተባለው ጠላት ናሩቶን ከመሬት ላይ ቸንክሮት ሳለ፣ ሂናታ ልታሸንፍ እንደማትችል እያወቀች በመካከል ገባች፤ እንደምትወደውም ነገረችው፤ ተመትታም ወደቀች። ናሩቶ የሞተች መስሎት በቍጣ ራሱን ሳተ። ከዚህ የበለጠ ታላቅ ነገር በጎን ታሪክ ውስጥ እምብዛም አይገኝም።

ከዚያስ በኋላ? ሂናታ ዳነች፤ ናሩቶም መዳኗን ዐውቆ ደስ አለው። ነገር ግን ላለችው ቃል መልስ አልሰጠም፤ ታሪኩም ወደ ሌላ ጦርነት አለፈ። አንዲት ልጅ ነፍሷን አሳልፋ ሰጥታ የተናገረችው ቃል ከብዙ ክፍል በላይ ያለ መልስ ቀረ። እርግጥ በታላቁ ጦርነት ውስጥ፣ ኔጂ በሞተ ጊዜ፣ ናሩቶ ልቡ ሊሰበር ሲል ሂናታ በጥፊ መትታ አቀናችው፤ እጁንም ይዛ አበረታችው። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን እዚህም የሰጠችው እርሷ ናት፤ እርሱ የሰጠው የት ነው? በኅዳር 2014 የመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፍ በወጣ ጊዜ ሁለቱ ተጋብተው፣ ሁለት ልጆች ወልደው ተገኙ። ሠርጉን ያላየ ቤተ ዘመድ ልጆቹን ሲያይ እንደሚደነግጥ ተመልካቹ ደነገጠ።

ቀዳዳውን ለመጣፍ በታኅሣሥ 2014 «ዘ ላስት» የተባለ ፊልም ወጣ። በዚያ ናሩቶ ሂናታን መውደዱን ዐወቀ። እንዴት ዐወቀ ብንል፣ በአስማት ሕልም ውስጥ ያለፈውን ዘመን መልሶ አየ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የነበረ ቀይ የአንገት ልብስም በታሪኩ ውስጥ ተገኘ። ያ ቀይ የአንገት ልብስ ግን ከዚያ በፊት በታሪኩ ውስጥ ይህን ያህል ቦታ አልነበረውም። ፊልሙ በሥዕሉ የተዋበ ነው፤ ብዙ ሰውም ወዶታል። የሆነ ሆኖ ሥር ለሌለው ዛፍ በኋላ ሥር ሊተክሉለት የደከሙ ይመስላል። የሚያሳዝነውም ሥሩ ቀድሞ ስለ ነበረ ነው። ከፔይን ውጊያ በኋላ ናሩቶ በበሽተኛይቱ አጠገብ ተቀምጦ ዐሥር ቃል ብቻ ቢናገር ኖሮ፣ የአስማቱ ሕልምም ቀዩ የአንገት ልብስም ባላስፈለጉ ነበር።

በዚህ ውስጥ ያለውን ትምህርት ቸል ልንለው አይገባም። ወጣቱ ተመልካች ከዚህ የሚማረው፣ ሴት ልጅ በትዕግሥት ብትጠብቅ፣ ብትሰጥና ብትቈስል፣ ወንዱ አንድ ቀን ባንኖ ያያታል የሚለውን ነው። ከኤድዋርድና ከዊንሪ የሚማረው ግን ሌላ ነው፤ እርሷ እጁን ትሠራለታለች፣ እርሱ እጇን ይጠብቅላታል። አንደኛው ፍቅር በአንድ ወገን የተሸከሙት ሸክም ነው፤ ሁለተኛው በሁለት ትከሻ የተያዘ ቀንበር ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። «ታሪኩ አጭር ሲሆንስ? ለዚህ ሁሉ ማረሻ ጊዜ ከወዴት ይገኛል?» የሚል ነው። መልሱን በሺኒቺሮ ዋታናቤ የተሠራው፣ በ1998 መታየት የጀመረው «ካውቦይ ቢባፕ» ይሰጠናል። ይህ አኒሜ 26 ክፍል ብቻ ነው። ጁልያ የምትባለው የስፓይክ ወዳጅ እስከ መጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች ድረስ በትዝታ ካልሆነ በቀር በአካል አትታይም፤ በመጨረሻም ብዙ ሳትቈይ በጥይት ትሞታለች። በሰዓት ቢቈጠር የእርሷ ድርሻ እጅግ ጥቂት ነው። ነገር ግን ስፓይክ ያ ሁሉ ግዴለሽነት፣ ሞትንም እንደ ቀልድ ማየቱ፣ አብራው እንድትሸሽ ለምኗት በዝናብ ውስጥ ሲጠብቃት ከቀረችበት ከዚያ ቀን የመጣ መሆኑን ተመልካቹ ቀስ እያለ ይረዳል። እርሷ ባትታይም በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ በጉድለቷ አለች። ስለዚህ የጎን ፍቅር የሚለካው በተሰጠው የሰዓት ብዛት አይደለም፤ በዋናው ሰው ላይ በተወው ምልክት ነው።

ይህን ለመለየት አንባቢው በቀላሉ ሊይዘው የሚችል መለኪያ እንስጥ። የፍቅሩን ታሪክ ከመላው ታሪክ ውስጥ በልባችሁ አውጡትና የቀረውን ተመልከቱ። ዊንሪን ብታወጡ ኤድዋርድ አይቆምም፤ የልክ ለልክ ሕግም ፈራጅ ያጣል። ሪዛን ብታወጡ ማስታንግ ጨካኝ ሆኖ ይቀራል። ጁልያን ብታወጡ የስፓይክ ሞት ምክንያት አይኖረውም። የናሩቶን ጋብቻ ግን ብታወጡት ጦርነቱ እንደ ነበረ ይሄዳል፤ ያ ልጅም እንደ ነበረ የመንደሩ አለቃ ይሆናል። በዚህ መለኪያ የሚወድቀው ሂናታ ከፔይን ፊት የቆመችበት ቀን አይደለም፤ ያን ቀን ብታወጡት የናሩቶ ቍጣ ምክንያት ያጣል። የወደቀው ያ ቀን ያለ መልስ የቀረበት ዘመን ነው።

ለወጣት ተመልካቾች የምንመክረው አትመልከቱ ብለን አይደለም፤ በጎን ያለውንም እንደ ዋናው አድርጋችሁ ተመልከቱ ብለን ነው። ሁለቱ ሰዎች መቼ ተሳሳሙ ብላችሁ ከመጠበቅ ይልቅ፣ አንዱ ለሌላው ምን ሠራለት፣ ከምንስ ጠበቀው ብላችሁ ጠይቁ። በአማርኛ ተከታታይ ታሪክ ለመጻፍ ብዕር ያነሡ ወጣቶችም ካሉ ከአራካዋ አንድ ነገር ይማሩ። ሁለት ሰዎች እንዲዋደዱ የፈለገ ደራሲ አስቀድሞ አንድ ሥራ ይስጣቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው የማይፈጽመው ሥራ ይሁን። የቀረውን ሥራው ራሱ ያደርገዋል፤ የባቡሩ ጣቢያም በጊዜው ይደርሳል።